የጧት ጣቶች

ጠልሐ ከወሎ ሰፈር ወደ ቄራ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ላቫጆ መኪና ያጥባል። ሥራው ጥንድ ጥንድ እየሆኑ የሚሠራ ነው። አንዱ አረፋ ይቀባል፣ ሌላው በውኃ አለቅልቆ ይወለውላል። የእሱ ጥንድ ያብስራ ነው።

ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ የጠልሐ ጣቶች ጧት ጧት አልታጠፍ አሉ። አንጓዎቹ አብጠው፣ ድርቅ ብለው ያድራሉ። ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካቸው ሕመሙ እስከ ክንዱ ይሄዳል። ሦስት ሰዓት አልፎ ፀሐይ ስትሞቅ ግን ይፍታታሉ። ጤና ጣቢያ ሄዶ ነበር። ሐኪሟ ደሙን አስመርምራ፣ "የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ነው፤ ወጣትም ይይዛል" አለችው። መድኃኒት ሰጥታ ቀዝቃዛ ውኃ እንዳይነካ መከረችው። እንጀራው ቀዝቃዛ ውኃ መሆኑን ሊነግራት አፍሮ ወጣ።

ያብስራ የሚያየው ሌላ ነው። ጧት ጨርቅ ከእጁ የሚወድቅበት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ማንም የማይቀድመው ልጅ።

"ሌሊቱን ስትቅም አድረህ ነው አይደል?" አለው አንድ ቀን። "በቃ፣ ገባኝ! እኔ ደግሞ ዝምታህ የጨዋ ልጅ ዝምታ ይመስለኝ ነበር። ብቻህን ነው እንዴ የምትቅመው? ጥራን እንጂ!"

ሌሎቹ አጣቢዎች ሳቁ። ጠልሐ በሕይወቱ ጫት ቀምሶ አያውቅም። ቢሆንም አብሮ ፈገግ አለ። በሃያ ሦስት ዓመቱ "ቁርጥማት ይዞኛል" ከሚል ይህ ቀለለው። የቃመ ሰው ይሳቅበታል እንጂ "አይችልም" ተብሎ አይሰናበትም። ያብስራም እየተሳደበ፣ ጧት ጧት ውኃውን ይይዝለት ጀመር።

በጥቅምት ቁልፍ ያዡ ዘነበ ሥራ ለቀቀ። ካዛንቺስ የነበረው ቤታቸው ፈርሶ ከከተማው ዳር ስለገቡ መመላለሱ ከብዶት ነው። ቁልፍ ያዥ መኪናውን ከባለቤቱ ተቀብሎ ያስገባል፣ ታጥቦ ሲያልቅ ያወጣል። ውኃ አይነካም። ጠልሐ መንጃ ፈቃድ አለው። ብርዱ እየበረታ ሲሄድ ከዚህ ሥራ ሌላ እዚያ ግቢ የሚያቆየው እንደሌለ ገብቶታል። እስከ ቢሮው በር ደጋግሞ እየሄደ ተመለሰ። በመጨረሻ ገባ።

"ጋሽ ዋቅጅራ፣ ማለቴ... ቁልፉን እኔ ብይዝ ብዬ ነበር።"

የላቫጆው ባለቤት አቶ ዋቅጅራ መነጽራቸውን አወለቁ። "አንተን አስቤ ነበር። የሰው ዕቃ አትነካም፣ አትሳደብም። ግን ትቅማለህ አሉኝ። ሳይተኛ ያደረን ሰው የደንበኛ መኪና አላስነዳም፣ ልጄ።"

"አልቅምም።"

"ያብስራ ሲናገርህ አብረህ ትስቅ የለም እንዴ? በጆሮዬ ሰምቻለሁ።"

ጠልሐ እንደ ልማዱ "እሺ" ብሎ ሊወጣ ዞረ።

"ጧት እጄን ይዩት" አለ፣ ፊቱን ወደ በሩ እንዳደረገ። "አሞኝ ነው። ቁርጥማት ነው። ጫት ቢባል ይሻላል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

በማግስቱ አንድ ሰዓት ላይ አቶ ዋቅጅራ ግቢው መሃል ቆመው ጠበቁት። እጁን ተቀብለው አንጓዎቹን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። "ጨብጥ" አሉት። ጣቶቹ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሙ። ያብስራ የውኃውን ጎማ እንደያዘ ቀረብ ብሎ አየ።

"ይሄን ነው እንዴ የደበቅከው? አንተ ጅል! እኔ እኮ ለሰፈሩ ሁሉ ነው ያወራሁት።"

"በዚህ እጅ መሪ ትይዛለህ?" አሉ አቶ ዋቅጅራ።

"አዎ" ቢል ሥራውን ያገኝ ይሆናል። "አሁን አልችልም" አለ ጠልሐ። "ሦስት ሰዓት ሲያልፍ ነው የሚፍታታልኝ።"

"እስከዚያ ማን ያስገባል?"

"እኔ አለሁ!" አለ ያብስራ።

"አንተማ ባለፈው መኪናውን አጥሬ ውስጥ ነው ያስገባህልኝ።" አሉ አቶ ዋቅጅራ። "እስከዚያ እኔ አስገባለሁ። በጊዜ ከቤት ብወጣ ሚስቴም ደስ ይላታል። ከሦስት በኋላ ያንተ ነው። አንድ መኪና ብትጭር ግን ወደ አረፋህ ትመለሳለህ።"

ሦስት ሰዓት አለፍ ሲል ነጭ ቪትዝ በሩ ላይ ቆመች። ጠልሐ ቁልፉን ተቀብሎ ገብቶ ተቀመጠ። ጣቶቹን ጉልበቱ ላይ አንድ በአንድ አጥፎ ዘረጋቸው። ከኋላ የመጣ ሹፌር ክላክስ ነፋበት፤ ደገመበት።

ጠልሐ በመስኮቱ ብቅ አለ። "ትንሽ ይታገሱኝ!" አለ፣ ግቢው ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብሎ። "እጄ እስኪፍታታ ነው!"