የዓይኔ ግምት

ሃያ ዘጠኝ ዓመት ካዋለድኩ በኋላ ሂጂና ተማሪ ስባል ደሜ ፈላ። ነገሩ አዲስ ሆኖ አይደለም። የሙያ ፈቃድ ለማሳደስ በየጊዜው ሥልጠና ወስዶ ነጥብ ማሟላት ግዴታ ነው። እኔ ግን የሥልጠና ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ዓይኔን በጨው አጥቤ ሰበብ እየደረደርኩ በእኔ ፈንታ ሌላ ሰው እንዲላክ ሳደርግ ኖሬያለሁ። አንዴ ወገቤን ያመኛል፣ አንዴ ተረኛ ነኝ፣ አንዴ ደግሞ ዕድሉ ለልጆቹ ይሰጥ። በዚህ በመጨረሻው እንዲያውም ደግ ተብዬበታለሁ።

ዘንድሮ የሆስፒታላችን ማትሮን ቢሮዋ ጠርታ ፋይሌን ገለጠችው። ነጥቤ ዜሮ ነው። ፈቃዴ በወሩ መጨረሻ ያበቃል፤ ካልታደሰ ካርድ ክፍል እንጂ ማዋለጃ ክፍል እግሬ አይገባም። በሌላ ጊዜ ቢሆን ጆሮ ዳባ ልበስ እላት ነበር። አሁን ግን አንዲት ልጄ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች፤ የምትወልደውም እኛው ዘንድ ነው። ካረገዘች ጀምሮ አንቺ ከጎኔ ካልቆምሽ አልወልድም ትለኛለች፣ ምርጫ ያላት ይመስል። አባቷ ከሞተ ወዲህ ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን። እሷ ስታምጥ እኔ ካርድ ክፍል ፋይል ስደረድር ታየኝና ጥርሴን ነክሼ ተመዘገብኩ።

አዳራሹ ስገባ አሠልጣኟን አወቅኳት። ይቺ ዶክተር ተለማማጅ ሳለች እኔው ክፍል ነበረች፤ የጓንት አጠላለቋን ሳይቀር ያረምኩት እኔ ነኝ። ሮጣ መጥታ አቀፈችኝና፣ ዛሬ እርስዎ ፊት እንዴት አፌ ይፈታል ብላ አሳቀችኝ። ንዴቴ ትንሽ በረድ አለ። አጠገቤ የተቀመጠችው የእኛው ክፍል ትንሿ አዋላጅ ናት። ሰው ሲያስነጥስ እንኳ ስለምትጽፍ «ደብተር» ነው የምንላት።

ርዕሱ ከወሊድ በኋላ ስለሚፈስ ደም ነበር። ዶክተሯ ከማስተማሯ በፊት ልትፈትነን አምስት ጠረጴዛ አሰናድታለች። አንዱ ላይ የራሰ የጎዝ ጨርቅ የሞላበት ሳህን፣ ሌላው ላይ የራሰ አንሶላ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ደሙ ቀለም የገባበት ውሃ ነው፤ መጠኑን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። እየዞራችሁ በዓይናችሁ ገምቱና ስንት ሚሊ ሊትር እንደሆነ ጻፉ፣ ስም አያስፈልግም አለችን። በሆዴ ሳቅኩ። በእኛ ክፍል ደም በመገመት የሚወዳደረኝ የለም። ካርድ የሚሞሉት ልጆች ስንት እንበል ብለው ይጣራሉ፣ እኔም በር ላይ እንደቆምኩ ቁጥሩን እወረውርላቸዋለሁ። ደብተር ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ እርሳሷን ስትነክስ እኔ አምስቱንም ጨርሼ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ዶክተሯ ትክክለኛውን መጠን ከእኛ ግምት ጎን ሰሌዳ ላይ ጻፈችው። አራተኛው ጠረጴዛ ላይ የነበረው አንሶላ አንድ ሺህ ሚሊ ይዟል። ሁላችንም ማለት ይቻላል አሳንሰን ገምተናል፤ አንድ ሰው ግን ሦስት መቶ ሃምሳ ብሏል። አዳራሹ ሳቀ። ሦስት መቶ ሃምሳው የእኔ ነበር። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። እኔ ግን ዝም ማለት መቼ አውቅና። እጄን አውጥቼ፣ ቀለም የገባበት ውሃ ደም አይደለም፣ ደም ይወፍራል፣ ደም ይረጋል እያልኩ ሽንጤን ገትሬ ተከራከርኩ። የማን ወረቀት እንደሆነ ላልገባውም ገባው። ዶክተሯ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ብዙ ዓመት የሠራ ሰው ዓይኑ ደም ስለሚለምድ ብዙው ትንሽ ይመስለዋል፤ እናት እጃችን ላይ የምታመልጠን በዚህ ነው፤ ስለዚህ እንለካለን እንጂ አንገምትም አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እኔም ስገምት የኖርኩት እርስዎ እንዳስተማሩኝ ነው፣ ሲስተር።»



በሻይ ሰዓት ብቻዬን ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በወለዱ ማግሥት ከአልጋ ሲነሱ የሚያዞራቸው፣ ከንፈራቸው የሚነጣ እናቶች ትዝ አሉኝ። በደንብ ስለማትበሉ ነው እያልኩ እቆጣቸው ነበር። እውነት ነው፣ ማንም አልሞተብኝም። ግን ስንቶቹ ናቸው በእኔ ሙያ ሳይሆን በዕድላቸው የተረፉት? አፈርኩ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ደብተር ሻይ ይዛልኝ መጣች። ምንም ሳትጠይቀኝ የጻፈችውን ዘረጋችልኝ። የወላዷ መቀመጫ ሥር ቁጥር የተጻፈበት የፕላስቲክ ከረጢት ይነጠፋል፤ የራሰው ጨርቅ ይመዘናል፤ የደረቁ ክብደት ይቀነሳል፤ አንድ ግራም አንድ ሚሊ ነው። ይኸው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። የቀሩትን ሁለት ቀናት አፌን ዘግቼ ተማርኩ፤ ለእኔ ቀላል አልነበረም። በመጨረሻው ፈተና አምስቱንም ጠረጴዛ አንድ በአንድ እየመዘንኩ ከሁሉም ኋላ ወጣሁ። አለፍኩ፤ ፈቃዴም ታደሰ።

ከሥልጠናው በኋላ በዘጠነኛው ቀን ሌሊት ልጄን ምጥ ያዛት። በእኛ ክፍል የራስን ልጅ ማዋለድ አይፈቀድም። ደብተር አዋለደቻት፣ እኔ ራስጌ ቆሜ እጇን ያዝኩ። ረፋዱ ላይ ሴት ልጅ ተገላገለች፤ ደብተር ከረጢቱን ከሥሯ አነጠፈች፤ እንግዴ ልጁም ሳያስቸግር ወጣ። የደስታ እንባዬን በትከሻዬ እየጠረግኩ ጎንበስ ብዬ ደሙን አየሁት። ሁለት መቶ ሃምሳ ነው፣ ደህና ናት አለኝ ዓይኔ። ደብተርም ካርዱን ስታነሳ፣ አብረን ሠልጥነን እንኳ ልማድ አልለቅ ብሏት ስንት ልበል ብላ ወደ እኔ ቀና አለች። ቁጥሩ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

«እኔን ተይኝ፣ ከረጢቱን አንብቢ» አልኳት።

አነበበች። አምስት መቶ ሰማንያ፣ ገናም እየወረደ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም አልጠየቀም። ደብተር የልጄን ማህፀን ማሸት ያዘች፣ ሐኪም ተጠራ፣ ልጄ መርፌ ተወጋች፣ እኔም ግሉኮሱን ሰቀልኩ። ሩብ ሰዓት የማያልቅ ነገር መሆኑን የዚያን ቀን ነው ያወቅኩት። በመጨረሻ ማህፀኗ ጠጠር አለ፣ ደሙም ቆመ። ጨርቆቹን መዝነን ከረጢቱ ላይ ደመርነው።

ሁለት መቶ ሃምሳ ብያት ቢሆን ደብተር አምናኝ ትጽፍ፣ ጓንቷንም ታወልቅ ነበር። እኔም የልጅ ልጄን አቅፌ ወደ መስኮቱ እሄድ ነበር። ይህን ሳስበው ግድግዳውን ተደገፍኩ።

ልጄ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አድርጋ ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ነጥቷል፣ ግን ትስቃለች።

«እማዬ፣ ብዙ ፈሰሰኝ እንዴ?»

ይህን ስንት እናት ጠይቃኛለች። ለሁሉም ትንሽ ነው፣ አይዞሽ እያልኩ ኖሬያለሁ፤ ስዋሽም አልነበረም፣ እውነት መስሎኝ ነው።

«ስምንት መቶ ሃያ» አልኳት። «ብዙ ነው ልጄ። አሁን ግን ቆሟል።»