ከጉም ነፃ የሆነው ሜዳ

“ወደ ግራ እንዳትጠጋ፤ ቦይ አለ” አለች ሴትዮዋ ወደ ኋላዋ ሳትዞር።

ሹፌሩ መሪውን ቀና አደረገ። የመኪናው መብራት በርቷል፤ ነገር ግን ጉሙ ላይ እያረፈ ተመልሶ የሹፌሩን ዓይን ከመውጋት በቀር ለማንም አልጠቀመም። እሷ የእጅ ባትሪዋን ወደ ኋላ አዙራ፣ ሻርፗን አፏ ላይ ጠምጥማ፣ ዓይነ ስውር እንደሚመራ ሰው ከፊት ከፊት ትሄዳለች። ከአስፋልቱ እስከ አየር ሁኔታ ጣቢያው ያለው የጠጠር መንገድ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ነው። ልጇ ደውላ “እማዬ፣ መንገዱ ጠፋብን፤ አስፋልቱ ዳር ቆመናል” ስትላት ሻይዋን ሳትጠጣ ነበር የወጣችው። አለቃዋን ይዛ እንደመጣችና አንዲት ፊርማ እንደሚፈልጉ ብቻ ነግራታለች።

የአካባቢው ሰው “ዝናብ ቆጣሪዋ” ይላታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚህ ሜዳ ላይ ብቻዋን ዝናቡን ስትለካ፣ ነፋሱን ስትጽፍ ኖራለች። ዝናብ ሲጠፋ “ምነው ቆጥረሽ ደበቅሽው?” ይሏታል፤ ሲበዛባቸው ደግሞ “ኧረ በቃሽ፣ ቆጠራውን ዝጊው” ይሏታል። እሷም አብራ ትስቃለች። በሥራዋ ሲቀለድ አትቆጣም። ሥራዋ እንዳልተሠራ ሲቆጠር ምን እንደምትሆን ግን እስከዚያ ጠዋት ድረስ ራሷም አታውቀውም ነበር።

የጣቢያው በር ላይ ሲደርሱ የልጇ አለቃ፣ ኢንጂነሩ፣ ከመኪናው ወርዶ ሁለት እርምጃ እንደሄደ ትከሻው ከአጥሩ ብረት ጋር ተጋጨ።

“አጃኢብ ነው” አለ ትከሻውን እያሻሸ። “አፍንጫዬን እንኳ ማየት አቃተኝ እኮ።”

ቢሮዋ አንዲት ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና አንድ የብረት ቁምሳጥን ናት። እንግዳውን አስቀመጠች። ልጇ ቦርሳዋን እንዳቀፈች ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች፤ ሹፌሩ በሩ ላይ ቀረ። ኢንጂነሩ የሁለተኛው አውሮፕላን ማረፊያ ጥናት ኃላፊ ነው። ከተማው አድጎ አድጎ የድሮውን ማረፊያ ከነአጥሩ ውጦታል፤ አውሮፕላኖቹ ሲያርፉ የሰው ልብስ ከማስጫው ላይ ይዘው የሚሄዱ ይመስላል። ሁለተኛ እንደሚያስፈልግ ማንም አይክድም፤ ዝናብ ቆጣሪዋም አትክድም። የዚህ ሜዳ ስም ከተነሳ ወዲህ ግን ገበሬው ሁሉ በገዛ እርሻው ላይ እንደ እንግዳ ቁጭ ብድግ እያለ ነው።

“እናቴ፣ ብዙ አላስቸግርዎትም” አለ ኢንጂነሩ። “አራት ሰዓት ላይ የመጨረሻው ስብሰባ አለ። ሁሉም ተሟልቷል፤ የእርስዎ ፊርማ ብቻ ናት የቀረችን።”

መነጽሯን አድርጋ ወረቀቱን አነበበች። “ከጣቢያው በተሰበሰበው የአሥራ ዘጠኝ ዓመት መረጃ መሠረት፣ በሜዳው ላይ የተመዘገበ ጉም የለም። ቦታው ዓመቱን ሙሉ ለበረራ ምቹ ነው። የጣቢያው ታዛቢ ፊርማ” ይላል። እንደገና አነበበችው። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተች። ከመስኮቱ አምስት እርምጃ ላይ የተተከለው የዝናብ መለኪያ የለም፤ ጉሙ ውጦታል።

“ይሄ የየትኛው ሜዳ ነው?” አለች።

“የዚሁ ነዋ።”

“ኢንጂነር፣ አሁን እዚህ ድረስ በምን መጡ?”

“በመኪና።”

“በመኪናማ መጡ። ማን እየመራዎት?”

ሹፌሩ ሳቁን በሳል አሳበበ። ኢንጂነሩም ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ብዙ አልቆየም።

“የዛሬው የአጋጣሚ ነገር ነው። እኛ ሦስት ጊዜ መጥተናል፤ ሦስቱንም ጊዜ ፀሐይ ነበር።”

“በስንት ሰዓት ነበር የመጣችሁት?”

“አራት ሰዓት ገደማ።”

“እንግዲህ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ መጥታችሁ ነበር ማለት ነው። ጉሙ ከአሥራ አንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። መመሪያው የቁጥሩን ዓምድ የምሞላው በሦስት ሰዓትና በዘጠኝ ሰዓት ነው ይላል። ጉም ደግሞ መመሪያ አያነብም። ስለዚህ ‘ምርመራ’ የሚለው ዓምድ ላይ እጽፈዋለሁ።”

ተነስታ ቁምሳጥኑን ከፈተች። በየወሩ ዋናውን ቅጽ ወደ አየር ሁኔታው ዋና መሥሪያ ቤት ስትልክ በካርቦን የቀረውን ቅጂ እዚህ ታስቀምጣለች። ሁለት መቶ ሃያ ስምንት ቅጽ በካርቶን ሳጥን ውስጥ በዓመት በዓመቱ ታስሯል። አንዱን መዝዛ ፊቱ ዘረጋችለት። “ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፤ የውሃ ታንከሩ አይታይም። አንድ ሰዓት፤ ታንከሩ አይታይም። ሁለት ሰዓት፤ ታንከሩ በጭንቅ ይታያል” ይላል ጽሕፈቱ። ታንከሩ ከቢሮዋ ሁለት መቶ ሜትር ነው። ለመለኪያ ብላ ራሷ በገመድ ለክታዋለች።

ኢንጂነሩ ወረቀቱን አየት አድርጎ መለሰላት። “ጥሩ ሥራ ነው። ግን ምርመራ የሚባለው ወደ ሲስተሙ አይገባም፤ ቦታ የለውም። የሚጫነው ቁጥሩ ብቻ ነው። መረጃ የሚባለው ደግሞ ሲስተሙ ላይ ያለው ነው።”

ዝናብ ቆጣሪዋ ደሟ ፈላ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በየንጋቱ ጣቷ እስኪደነዝዝ ደጅ ቆማ የጻፈችው፣ አንድ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሲስተሙ ላይ ቦታ ስላላበጀለት ብቻ አልነበረም ሊባል ነው። ሰው ሳያውቅ ቢሳሳት ይቅር ይባላል። ይሄኛው ግን ገና ትከሻውን ከአጥሩ ጋር አላትሞ፣ አፍንጫዬን ማየት አቃተኝ ብሎ፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ዓይኔን ግንባር ያድርገው ይላል።

“ይሄን ሠንጠረዥ ማነው የሠራው?” አለች ከጀርባ የተያያዘውን ገጽ ገልጣ። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዜሮ ተሞልቷል።



“እኔ ነኝ” አለች ልጇ ወለሉን እያየች።

እናት መነጽሯን አወለቀች። ይህቺ ልጅ ሦስተኛ ክፍል ሳለች ትምህርት ቤት ስትሄድ ጉሙ ውስጥ መንገድ ጠፍቷት፣ የሰው አጥር ሽቦ ጨብጣ ስታለቅስ ተገኝታለች። ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ እናቷ በየጠዋቱ ባትሪ ይዛ ሸኝታታለች።

“አንቺ?”

“እማዬ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት የላከልኝ ፋይል ላይ ሁሉም ዜሮ ነው። የተላከልኝን ነው የደረደርኩት።”

“ግን ታውቂያለሽ።”

“አውቃለሁ።”

“ታዲያ?”

“ነግሬያቸዋለሁ። ‘የልጅነት ትዝታ መረጃ አይደለም’ አሉኝ። ሁለተኛ አልደገምኩም። መድገም ነበረብኝ።”

ኢንጂነሩ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረገ። “እናቴ፣ ነገሩን አናክብደው። የዘንድሮ አውሮፕላን እኮ በመሣሪያ ያርፋል።”

“እንግዲያው ‘ጉም አለ፤ በመሣሪያ ያርፋል’ ብለው ይጻፉ። የለም ለምን ይላሉ?”

“እንደዚያ ከጻፍን ጥናቱ ሀ ብሎ ይጀመራል። የመሠረት ድንጋዩ ቀን ተቆርጧል፤ ያንን እኔም እርስዎም አናስቀረውም።” ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ልጅዎ ጎበዝ ናት። ኮንትራቷ በዚህ ወር ያልቃል። ቋሚ እንድትሆን ደብዳቤ አዘጋጅቼላታለሁ፤ ገና አልፈረምኩበትም። ዛሬ ሁላችንም ፈርመን ብንለያይ ደስ ይለኛል።”

እንዲህ ያለ ነገር ሰው ፊት፣ ያውም ልጅቷ ቆማ እየሰማች፣ እንደ ደግነት ሲነገር ሰምታ አታውቅም። ዓይኗን ወደ እግሯ ጣለች። ያደረገችው የጎማ ቦት ልጇ በመጀመሪያ ደመወዟ የገዛችላት ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሣሩ እግሯን እንዳያረጥባት ብላ። ከዚያ በፊት ልጅቷ ከተመረቀች በኋላ አራት ዓመት የትምህርት ማስረጃዋን በፖስታ ይዛ ቢሮ ለቢሮ ተንከራታለች። ማታ ስትመለስ “እንዴት ዋልሽ?” ብሎ መጠየቅ እንኳ ያስፈራ ነበር። ያ ፖስታ እንደገና ይነሳ ይሆን? ነገር ግን ሁለት መቶ ሰው የጫነ አውሮፕላንም አሰበች፤ ታንከሩ በማይታይበት ሰዓት ከላይ የሚዞር፣ ውስጡም የሰው ልጅ ያለ።

መሳቢያዋን ከፍታ ማስመሪያና አንድ ካርቦን አወጣች። ካርቦኑን ከኢንጂነሩ ወረቀት ሥር አነጠፈች፤ ከካርቦኑ ሥር ባዶ ወረቀት አደረገች። ከዚያ ከፊርማው ቦታ በላይ በማስመሪያ አንድ ዓምድ አሰመረችና አናቱ ላይ “ምርመራ” ብላ ጻፈች።

“እናቴ፣ ቅጹ ላይ እንዲህ ያለ ቦታ የለም” አለ ኢንጂነሩ።

“አሁን አለ።” ወደ ልጇ ዞረች። “መኪናው ውስጥ ሆነሽ የእኔን ባትሪ ከስንት ሜትር አየሽው? የማታውቂ ከሆነ አላውቅም በይ፤ ግድ የለም።”

ልጅቷ ኢንጂነሩን አየችው። እሱም አያት፤ ደብዳቤው በሁለቱ መካከል ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ ያህል ነበር።

“ሃያ ሜትር አይሞላም” አለች።

እናት ጻፈች። “ዛሬ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ይህን ወረቀት ይዞ የመጣውን መኪና በእጅ ባትሪ መርቼ አስገብቻለሁ። ዕይታ ከሃያ ሜትር በታች። ባለፈው ዓመት ብቻ ዘጠና አራት ጠዋት ጉም ነበር።” ከሥሩ ፈረመች፤ የጣቢያውን ማኅተም መታችበት። ዋናውን ለኢንጂነሩ ሰጥታ ቅጂውን ሳጥኑ ውስጥ ከሌሎቹ ላይ አደረገች።

ኢንጂነሩ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። “ይሄ እዚያ አይነበብም” አለ። ሰዓቱን አየ፤ ለሁለት ሩብ ጉዳይ ነው። ከተማው አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። “እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ያኔ እንተያያለን። ተነሱ፣ እንሂድ።”

“በዚህ ሜዳ ንጋት የሚጠራው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው” አለች።

ሹፌሩ ከበሩ ላይ አልተንቀሳቀሰም። “ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔ ያለ እሳቸው አንዲት ጎማ አላንቀሳቅስም። ቦዩን ሲመጡ አላዩትም እንጂ።”

ዝናብ ቆጣሪዋ ቁልቁል ሳጥኑን አየች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሦስት ሰዓቱን ንባብ ለማንም ትታ አታውቅም። ባሏ የተቀበረ ዕለት እንኳ መጀመሪያ ጽፋ ነው ከበሩ የወጣችው። ሳጥኑን አንስታ ደረቷ ላይ አቀፈችው።

“ይሄ ደግሞ የት ሊሄድ ነው?” አለ ኢንጂነሩ።

“ስብሰባው ላይ ሲስተሙን አንተ ታሳያቸዋለህ። እኔ ይሄን አሳያቸዋለሁ።”

አንተ ማለቷን ሁሉም ሰሙ።

“አልተጋበዙም እኮ።”

“እስከ አስፋልቱ ግን ተጋብዣለሁ። እዚያ ስንደርስ ውረጂ ካልከኝ አውቶቡስ እጠብቃለሁ። አውቶቡሱም አራት ሰዓት ሳይሆን ያደርሰኛል።”

ልጅቷ ቦርሳዋን ከእቅፏ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እናት ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠቻት።

“የሦስት ሰዓቱን አንቺ አንብቢ። ቴርሞሜትሩ ላይ እንዳትተነፍሺበት።”

“አውቃለሁ፣ እማዬ። ምርመራው ላይስ ምን ልጻፍ?”

“ያየሽውን።”

ሳጥኑን ኢንጂነሩ ተቀምጦበት በመጣው የፊት ወንበር ላይ አስቀመጠችና ባትሪዋን አብርታ ከመኪናው ፊት ቆመች። ኢንጂነሩ ጥቂት አመንትቶ የኋላውን በር ከፈተ።