የአሸናፊው ኮት

«ነካሁ!» አለ ሃድጉ፣ ስቴካውን፣ የኳስ መምቻውን ዘንግ፣ ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ። «እጅጌዬ ቀይዋን ኳስ ነክቷታል። ነጥቡ አይያዝልኝ።»

ካዛንቺስ በሚገኘው የጣልያን መኮንኖች ክበብ ውስጥ ጭብጨባ ተነሣ። ማንም ያላየውን ጥፋት በገዛ አፉ የሚናገር ተጫዋች፣ ያውም ሐበሻ!

ከጠረጴዛው ማዶ የቆመውን ተጋጣሚውን ደጉን ላብ አጠመቀው። እጅጌው አልነካም። በዓይኑ አይቷል።

«አልነካህም» አለ ሁሉም እንዲሰማው በጣልያንኛ። «ነጥቡ የእሱ ነው። አሸንፏል።»

ጭብጨባው በረታ።

ሁለቱም የሚተዳደሩት አንዷን ኳስ መትተው ሌሎቹን ሁለቱን በሚያስነኩበት ጨዋታ፣ በካራምቡላ ነው። ይበልጥ በትክክል ለመናገር፣ በመሸነፍ ነው። ሐበሻ በዚያ በር የሚገባው ለማጽዳት፣ ለመታዘዝ ወይም ለመሸነፍ ብቻ ነበር። ደጉ ከጦርነቱ በፊት አንድ አርመን ቡና ቤት ውስጥ፣ ሃድጉ ደግሞ አስመራ የተማሩትን ጨዋታ በየማታው ከመኮንኖቹ ጋር ይጫወታሉ፤ ለጥቂት ይሸነፋሉ። ከዚያም በቤቱ ደንብ መሠረት ተሸናፊው የአሸናፊውን ኮት ይዞ ያለብሳል። ስንቱን ኮት አልብሰዋል! እርስ በርሳቸው ግን ተጋጥመው አያውቁም። የቂርቆስ ሰፈር ተጫዋች ሁሉ «ማን ይበልጣል?» እያለ ሲጨቃጨቅባቸው ኖሮ፣ ዛሬ መኮንኖቹ ተወራርደው አጋጠሟቸው። ለሁለቱም የቀረቻቸው አንዲት ነጥብ ናት።

ጠዋት የደጉ አለቃ ሻምበሉ ዕቃ ቤት ጠርቶት ነበር። ሰው ፊት በደጉ ተወራርዷል፤ በስውር ደግሞ በሌላ ሰው ስም እጥፉን በሃድጉ ላይ አስይዟል። «ካሸነፍክ» አለው ትከሻውን ቸብ ቸብ እያደረገ፣ «ከነገ ጀምሮ መንገድ ሥራ ገብተህ ድንጋይ ትፈልጣለህ።»

«ነጥቡ ይያዝለት!» ጮኸ አሁን ሻምበሉ።

«በፍጹም! ሰውየው አጥፍቻለሁ እያለ!» አለ የሃድጉ አለቃ መቶ አለቃው።

ሁለቱም በገዛ ተጫዋቻቸው ላይ ሲከራከሩ፣ ቤቱ በጨዋነታቸው ተደነቀ። ደጉ ግን ነገሩ ያን ጊዜ ገባው። የስቴካውን ጫፍ ጠመኔ ሊቀባ መስሎ ወደ ሃድጉ ተጠጋ።

«አንተንም?» አለው በአማርኛ፣ በሹክሹክታ።

«አዎ፣ መቶ አለቃው። አንተን ሻምበሉ?»

«ድንጋይ ፈለጣ ነው ያለኝ።»

«እኔንም። በቃ፣ ሁለት መዶሻ ያዘጋጁልን በለኛ!»

ደጉ ሳቁን ለማፈን ከንፈሩን ነከሰ። «ታዲያ እኔን ልትማግደኝ ነበር፣ አንተ ሌባ?»

«አንተስ? አልነካህም ብለህ የመሰከርክልኝ አዝነህልኝ ነው?»

«ምን ትላላችሁ?» ሲል ዳኛው ኮሎኔል አፈጠጠባቸው።

«ይቅርታ እየተጠያየቅን ነው፣ ጌታዬ» አለ ደጉ።

ሃድጉ ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገ። «ሚስቴ እጸገነት አራስ ናት፣ ደጉ። ማለቴ... ማረኝ ማለቴ አይደለም። ለምን እንደዋሸሁ እንድታውቅልኝ ነው። ጠረጴዛ ላይ ዋሽቼ አላውቅም።»

ኮሎኔሉ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሰው በራሱ ላይ አይዋሽም። ነጥቡ ተሰርዟል። ተራው የደጉ ነው።»

ደጉ በጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለ። ለጥቂት መሳት እንጀራው ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖም ይችልበታል። ግን እሱ ከሳተ ኳሶቹ ተጠጋግተው ይቀራሉ፤ ያን ጊዜ ሃድጉ ቢስት ምልምል ወታደር እንኳ ይነቃበታል፤ ካልሳተ ደግሞ ያሸንፋል። ሃድጉ እጁን አጣምሮ የኳሶቹን አቀማመጥ ብቻ ያያል፤ እንደ ተጫዋች።

ደጉ መታ። ነጯ ኳስ የጠረጴዛውን ጠርዞች እየነካች ዞረች፣ ሌላዋን ነጭ ገጨች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ሄዳ ቀይዋን ሳመቻት።

«ብራቮ» አለ ሻምበሉ። ሰው ፊት አሸናፊ ነውና ፈገግ ማለት ነበረበት፤ ጥርሱን ግን እንደነከሰ ነው።

ሃድጉ ወደ ወጥ ቤቱ በር ሄደ። ከሚስማሩ ላይ የደጉን የተጣፈ ኮት አውርዶ ተመለሰና፣ በሁለት እጁ ዘርግቶ ከኋላው ቆመ።

«ተው፣ አብደሃል?» አለ ደጉ በጥርሱ መሃል።

«የቤቱ ደንብ ነው። ይልበሱ፣ ጋሼ።»

የሻምበሉ ፈገግታ ጠፋ። መቶ አለቃው ከወንበሩ ተነሣ። በዚያ አዳራሽ ሐበሻ ኮት ሲያለብስ እንጂ ሲያለብሱት ታይቶ አያውቅም። ደጉ ኮቱን ነጥቆ በጓሮ በር ውልቅ ማለት ይችል ነበር።

ስቴካውን ጠረጴዛው ላይ አጋደመ። ለመኮንኖቹ ጀርባውን ሰጠና፣ ቀኝ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ።