ሃምሳ ደቂቃ በአየር

ትኬት ቢሮ ውስጥ አስራ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። የፈለጋችሁትን ሁለት ከተማ ጥሩልኝ፤ ርቀቱንም የበረራ ሰዓቱንም ኮምፒውተር ሳልነካ እነግራችኋለሁ። የቢሮ ሰዎች «ደቂቃ» እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔ ራሴ አውሮፕላን ተሳፍሬ እንደማላውቅ ግን ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።

አባዬ ልቡን ቀዶ ጥገና ሊደረግለት ነው፤ ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት። ዶክተሩ «ልቡ ሳምንት የሚያቆየው አይደለም» ብሎናል። አባዬና ወንድም ጋሼ ደግሞ ከተኳረፉ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ወንድም ጋሼ ለእናታችን ቀብር ሳይደርስ ቀርቶ። ስንት ሽማግሌ ለምኖት እምቢ ያለው አባዬ፣ ማክሰኞ በገዛ አፉ «ሳልገባ ፊቱን ልየው» አለ።

ወዲያው ለወንድም ጋሼ ደወልኩለት። «አሁኑኑ በአውቶቡስ ልነሳ?»

«አራት መቶ አስር ኪሎሜትር ስትንገላታ ልታድር? የጠዋቱ አውሮፕላን ሃምሳ ደቂቃ ናት። ሁለት ሰዓት ከሃያ ታርፋለህ።»

ለደንበኛም የምንለው ይህንኑ ነው፤ አየር ላይ ያለውን ብቻ። የቀረውን ራሱ ይወቀው።

አውሮፕላኑ በሰዓቱ አረፈ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደወልኩ፤ «ገና አልወረድንም፣ ደረጃ እየጠበቅን ነው» አለኝ። ለሦስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሻንጣ እየጠበቀ ነበር።

«ሻንጣው ገደል ይግባ! ውጣ!»

የአውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው ሠላሳ ኪሎሜትር ይርቃል። ቁጥሩን አውቀዋለሁ፤ መንገዱን ግን አላውቀውም። እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ የሆስፒታሉ መስኮት ጋ ሄጄ እመለሳለሁ።

«የሚቀደደው የኔ ደረት ነው፤ አንቺን ምን ያንቆራጥጥሻል?» አለኝ አባዬ ከተሽከርካሪው አልጋ ላይ።

ሦስት ሰዓት ላይ ነርሷ መጣች።

«የኔ ልጅ፣ ትንሽ ታገሺኝ፤ ልጄ መንገድ ላይ ነው» አላት።

«አባባ፣ ዶክተሩ እየጠበቀ ነው። አሁን ካልገቡ ተራው ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ እርስዎ ደግሞ ለሰኞ ነው የሚተላለፉት።»

«ይሰጠው» አለና እግሩን ከአልጋው አወረደ። ብለምነው፣ ባለቅስ፣ ወይ ፍንክች። ነርሷ ሌላ ታካሚ እየገፋች ገባች።

ወንድም ጋሼ ከሃያ ደቂቃ በኋላ በላብ ተጠምቆ ደረሰ። ከአባዬ እግር ስር ሊወድቅ ሲል አባዬ ቀድሞ አንገቱን አቀፈው። ሁለቱም አለቀሱ። እኔ ግን ነርሷን እየተከተልኩ «ማታም ይሁን፣ ነገም ይሁን» እያልኩ እለማመጣለሁ። ቦታ የለም አለችኝ። ተመልሼ አባዬ ላይ ጮህኩ። የተናደድኩት በራሴ ነበር።

«ዶክተሩ ያለውን አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ» አለኝ የልጁን እጅ ሳይለቅ። «ገብቼ ባልወጣስ? አሁንማ አየሁት።»

ሰኞ ገና አምስት ቀን ይቀረዋል።