የበዓል ተረኞች

ሰንጋ ተራ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ቢሮ የከፈተ አንድ የመድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት ሁለት የሰርቨር ባለሙያዎች ነበሩት፤ ሳኒ እና ዕፀገነት። የድርጅቱን መረጃ ሁሉ የሚይዘው ትልቅ ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ የሚጠገነው ጠፍቶ ነው፤ የሚጠፋው ደግሞ ሱቁም መጋዘኑም በሚዘጋበት በበዓል ቀን ነው። ስለዚህ ሁለቱ አለቃ ሳያዛቸው ተስማሙ። በፋሲካና በገና ሳኒ ይገባል፤ በኢድና በአረፋ ዕፀገነት ትገባለች። እሷ ከልጆቿ ጋር ጾሟን ስትፈታ እሱ በቀዝቃዛው የሰርቨር ክፍል ጃኬት ደርቦ ይንቀጠቀጣል፤ እሱ ሰግዶ ዘመድ ሲጠይቅ መንቀጥቀጡ የእሷ ተራ ነው። በቢሮው የሚቀናባቸው ሰው ሞልቶ ነበር፤ ደግሞም ያስቀኑ ነበር።

ይህን የበዓል ተረኝነት የሚያስቀር ዘዴ ያመጣው ራሱ ሳኒ ነው። ድርጅቱ ሦስት አዳዲስ ሰርቨሮች ሲገዛ በአንድ ላይ ተያይዘው እርስ በርስ ይደጋገፉ አለ። በእያንዳንዱ ሰርቨር ውስጥ ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖች፣ ማለትም በፕሮግራም የተፈጠሩ ኮምፒውተሮች፣ ይሠራሉ፤ አንዱ ሽያጩን፣ ሌላው መጋዘኑን ይዞ። በአዲሱ አሠራር አንድ ሰርቨር ጥገና ሲያስፈልገው በውስጡ ያሉት ማሽኖች ሳይጠፉ፣ እየሠሩ ወደ ጎረቤቱ ሰርቨር ይዛወራሉ። እንግዶችን ከነገበታቸው አንስቶ ጎረቤት ቤት እንደማስቀመጥ ነው፤ ማንም ከጉርሻው አይስተጓጎልም።

የሙከራው ቀን ተራ ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ትርፌ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አጥብቀው ቀዝቃዛው ክፍል ገቡ። ሳኒ ማሽኖቹን አዛወረ፤ ዕፀገነት ባዶውን ሰርቨር አጥፍታ ገመዱን ነቀለች። ጅማ ቅርንጫፍ ደወሉ። እዚያ ያለችው ሻጭ መድኃኒት እየሸጠች ነበር፤ ምንም የተሰማት ነገር የለም።

«እና ከእንግዲህ በበዓል መግባት ቀረ ማለት ነው?» አሉ ወይዘሮ ትርፌ።

«ቀረ!» አለ ሳኒ፣ ጥርሱን መክደን አቅቶት። «በፈለግነው የሥራ ቀን መጠገን ይቻላል። ሥራው ራሱ በግማሽ ቀለለ።»

«ታዲያ ሁለት ሰው ምን ያደርግልኛል?»

ዕፀገነት የነቀለችውን ገመድ እንደያዘች ቀረች። ወይዘሮ ትርፌ ፈገግ አሉ። «አንድ ሰው ይበቃኛል። በዓሉን ያለ እኔ ተካፍላችሁት የለ? ይህንንም ተነጋገሩና ማን እንደሚሄድ ዓርብ ንገሩኝ።»

ምሳ ሰዓት ላይ ሳኒና ዕፀገነት ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሳኒ ሦስት ልጆች አሉት፤ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ለተከራየው ቤት የሚከፍለው ኪራይ አለበት፤ ሥራ ያጡ ጓደኞቹ ዓመት ሙሉ ሲንከራተቱ አይቷል። ዕፀገነት ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው ብቻዋን ነው።

«ሳኒዬ፣ በዚህ ነገር አንጣላም» አለችው። «ዓርብ አብረን እንገባለን።»

«አብረን» አለ ሳኒ። ሲለው ከልቡ ነበር። ተክለ ሃይማኖት ታክሲ እስኪሳፈር ድረስም ከልቡ ነበር። ቤቱ ገብቶ ልጆቹ ሲጠመጠሙበት ግን ፍርሃቱ ልቡን ነጠቀው።

ሐሙስ ዕለት ወይዘሮ ትርፌ ቢሮ ብቻውን ገባ።

«ሰው ለመክሰስ አይደለም ወይዘሮ ትርፌ፤ ለድርጅቱ አስቤ ነው» አለ። «ባለፈው አረፋ ዕፀገነት ተረኛ ሆና ክፍሉን ጥላ ወጥታለች። ማቀዝቀዣው ቆሞ ሰርቨሮቹ ሊቃጠሉ ነበር።»

ወጥታለች፤ እውነት ነው። ያን ቀን ሳኒ ለሰላት ስታዲየም እንደሄደ ትንሿ ልጁ ሳሚያ በትኩሳት ተንዘፈዘፈች። የሱ ስልክ አልሠራ ስላለ ሚስቱ ፋይዛ ለዕፀገነት ደወለች፤ ዕፀገነትም ሮጣ ደርሳ ልጅቷን ታቅፋ ሐኪም ቤት ወሰደቻት። ሳኒ ይህን አልተናገረም። ከእውነቱ የሚጠቅመውን ቆርሶ አቀረበ፣ የቀረውን ዋጠው።

ወይዘሮ ትርፌ ሳቁ፤ ደስ ብሏቸው፣ ዘና ብለው ሳቁ።

«ትናንት እሷም መጥታ ነበር። ‹ሳኒ ሦስት ልጆች አሉት፣ እሱ ይቆይ፤ ለኔ ሌላ ቦታ የምቀጠርበት ጥሩ የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፉልኝ› ብላኝ ሄደች። አንተ እስከ ዓርብ እንዳትሰማ ለምናኝ ነበር።»

ሳኒ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለ። «እንግዲያው… እኔ ያልኩትን…»

«ክስህን ልታነሳው? ካነሳኸው ውሸታም ነህ፤ ውሸታም አላሠራም። ካላነሳኸው ደግሞ ሥራ ጥላ ለሄደች ሠራተኛ የድጋፍ ደብዳቤ አልጽፍም፤ እንዲያውም በጥፋቷ ነው የማሰናብታት። አንተው ምረጥ።»

ሳኒ የጀመረውን ሳይጨርስ ዓይኑን ወደ በሩ መለሰ። ሴትዮዋ ሊጨርስ የማይችል መሆኑን አውቀው፣ ሻያቸውን እያማሰሉ ጠበቁት።

«ጥሩ» አሉ በመጨረሻ። «ሂድ ሥራህን ሥራ።»

ዓርብ ረፋዱ ላይ ዕፀገነት የስንብት ወረቀቷን ይዛ ኮሪደሩ ላይ አገኘችው። ዓይኗ ቀልቷል።

«በአረፋ መውጣቴን ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ ዘበኛው መሆን አለበት። መሰናበቱስ ይሁን፣ ቆርጬለት ነበር። በዚህ ስም ግን ማን ይቀጥረኛል? ልጆቼን ምን ላብላቸው? አንተ ያን ቀን ለምን እንደወጣሁ ታውቃለህ። በናትህ፣ ገብተህ ንገርልኝ።»

«እሺ» አለ ሳኒ። ገብቶ በሩን ከኋላው ዘጋ።

«ደግሞ ምን ሆንክ?» አሉ ወይዘሮ ትርፌ።

«የዕፀገነትን የይለፍ ቃል ዛሬ ልዝጋው ወይስ ሰኞ?»

«አሁኑኑ።»

ትንሽ ቆየ፤ ለምኖ የመጣ ሰው የሚቆየውን ያህል። ከዚያ ወጥቶ ራሱን ነቀነቀ። «ብዙ ለመንኳቸው። እምቢ አሉ።»

ዕፀገነት ሁለት እጁን ይዛ አለቀሰች። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ሳኒዬ» አለችው። «ካንተ በቀር ማን ነበረኝ።»