በዙህር ሰዓት በሩን የያዘችው

የጥበቃ ኤጀንሲዎች ማኅበር ኦዲተር እንደሚልክብን የሰማነው ሰኞ ነው። ማክሰኞንና ረቡዕን መዝገብ ስገለብጥ ዋልኩ። ሥራ አስኪያጃችን ጀማለዲን ያዘዘኝ አጭር ነገር ነበር፤ የማሾ መጋዘኑን የበር መዝገብ እንዳለ ወደ አዲስ ደብተር አዛውረው፣ የሰዓዲያን ስም ግን ዝለለው።

ሰዓዲያ የኤጀንሲያችን ጥበቃ አይደለችም። በመጋዘኑ በር አጠገብ ሸራ ወጥራ ሻይ የምትሸጥ ሴት ናት። የቀኑ ጥበቃ ቃሲም ለዙህር ሶላት ሲሄድ ዱላውን ለእሷ ይሰጣታል፣ ሲመለስ ይቀበላታል። እንዲህ ሲያደርጉ ሦስት ዓመታቸው ነው። ቃሲም በየቀኑ «ከ6፡20 እስከ 6፡50 ሶላት ሄጃለሁ፤ በሩን ሰዓዲያ ይዛለች» ብሎ ባይጽፍ ኖሮ ማንም ባላወቀ። ከሥሩ ይፈርማል፤ ከፊርማው ጎን እሷ አውራ ጣቷን በስክሪብቶ ቀለም ቀብታ ታትማለች።

የማኅበሩ ደንብ ተተኪ ሳይመጣ በሩን ትቶ የሄደ ጥበቃ ይሰናበታል ይላል። ቃሲም ደግሞ ስልሳን አልፏል፤ ከዚህ በር ከተነሳ ሌላ በር የሚሰጠው የለም።

ሐሙስ ጠዋት የተገለበጠውን ደብተር ይዤለት ሄድኩ። መሀል ጣቴ ላይ ስክሪብቶው ጉድጓድ ሠርቶበታል።

«ጋሽ ቃሲም፣ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ። ሠላሳ ቦታ ነው።»

መነጽሩን አድርጎ አንድ ገጽ አነበበ። ሌላም ገለጠ።

«ሶላቴ የት ሄደ?»

«ለኦዲቱ ብለን ነው።»

«ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ላይ ነበርኩ ይላል እኮ።»

«አዎ።»

«ሰግጄ ሳበቃ አልሰገድኩም ብዬ ልፈርም?» ደብተሩን በሁለት እጁ መለሰልኝ። «አይሆንም ልጄ።»

«እንግዲያው ዛሬን እንኳ እዚሁ ጓሮ ይስገዱ።»

«አዛን የማደርገው እኔ አይደለሁም እንዴ? ከማሾው ጓሮ ሆኜ ልጩህ?»

ሰዓዲያ ከሸራዋ ሥር ሳቀች። «ና ሻይ ጠጣ አንተ ልጅ። ነቀዝ የበላው ማሾ መስለሃል።»

ኦዲተሯ ነጅዋ ትባላለች፤ አምስት ሰዓት ላይ ከደሴ በሚኒባስ መጣች። ከእኛ በፊት አራት ኤጀንሲ ጨርሳለች፤ ጫማዋ አቧራ ጠጥቶ ቀለሙ አይለይም። የጥበቃዎቹን ፋይል አንድ በአንድ አየች፤ የጤና ምርመራውን፣ የተያዡን ፎርም፣ የሥልጠናውን ወረቀት። አላመሰገነችም፣ አላማረረችም። በመጨረሻ ጥበቃ የቆመባቸውን ሰባት በሮች ዝርዝር አስመጣችና ስክሪብቶዋን የማሾ መጋዘኑ ላይ አሳረፈች።

«ይሄን አየዋለሁ። ስልክ አትደውልም።»

ሰዓቴን አየሁ። ስድስት ሰዓት ከአሥር።

ባጃጁ ውስጥ ከቦርከና ወንዝ በኩል የሚመጣው ንፋስ ራሱ ሙቅ ነበር። ባጃጁ መንገዱን ስቶ ወደ ጨፋ ሜዳ ቢወርድ፣ ከብቶቹ መሀል ገብቶ ቢቆም፣ እስኪመሽ እዚያው ብንቀመጥ ብዬ አሰብኩ። አልሳተም። በሩ ፊት ለፊት ቆመ።

«አንተ አትወርድም፤ አትናገርምም» አለችኝ ነጅዋ።

ሰዓዲያ ዱላውን ጉልበቷ ላይ አጋድማ በቃሲም በርጩማ ላይ ተቀምጣለች።

«አካም ጅርታ?» አለች ሳትነሳ።

«ደህና ነኝ። ልግባ።»

«መታወቂያ።»

«አንቺ ጥበቃ ነሽ?»

«በሩ እኔ ጋ ነው። መታወቂያ።»

ነጅዋ ሰጠቻት። ሰዓዲያ ፎቶውን አየች፣ ፊቷን አየች፣ መልሳ ፎቶውን አየች።

«እዚህ ላይ ወፈር ብለሽ ነበር» አለች። «ሥራው ነው አይደል?»

«ጥበቃው የት ሄደ?»

ያኔ ከሰፈሩ መስጊድ ድምፅ ማጉያ አዛን ወጣ። ሰዓዲያ ዱላውን ወደዚያ ቀሰረች።

«ያው። አትሰሚውም?»

ነጅዋ አዛኑ እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚያ «እኔ ከማኅበሩ ነኝ፤ መግባት እችላለሁ» አለች።

«እህቴ፣ ማኅበር አላውቅም። እሱ ሳይመለስ ባለመጋዘኑም ቢመጣ አላስገባም። ታኢ፣ ተቀመጪ፤ ጥላው ይበቃናል። ስምሽንና ሰዓቱን እዚች ላይ ጻፊ፤ እኔ ፊደል የለኝም።»

ነጅዋ ጻፈችና ተቀመጠች። ወዲያው ጆንያ የጫነ አይሱዙ መጥቶ ጡሩምባ ነፋ። ሰዓዲያ አልተነቃነቀችም። ሹፌሩ አንገቱን አወጣ።

«ሰዓዲያ፣ አታውቂኝም?»

«አውቅሃለሁ። ለዚህ ነው የማልከፍትልህ።»

ቃሲም ስድስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ጫማውን እየጎተተ ተመለሰ። ለእንግዳዋ ሰላም ብሎ ዱላውን ተቀበለ፤ መዝገቡን ሳበ፣ ጻፈ፣ ፈረመ። ሰዓዲያ አውራ ጣቷን ቀብታ አተመች። ነጅዋ ደብተሩን ወስዳ ገጹን ወደ ኋላ መግለጥ ጀመረች። እኔም ከባጃጁ ወረድኩ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ደብተር ከበደኝ።

«ይሄ በየቀኑ ነው?»

«በየቀኑ» አለ ቃሲም።

«ዓርብስ?»

«ዓርብ ትንሽ እቆያለሁ። እሱንም ጽፌዋለሁ።»

«አባቴ፣ ይሄ መዝገብ ያሰናብትዎታል።» ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ነበር። «ሌላ መዝገብ የለም?»

«አለ። ልጁ ቦርሳ ውስጥ ነው። ግን ውሸት ነው።»

ፊቴ ጋለ። ነጅዋ እጇን ዘረጋች፤ አውጥቼ ሰጠኋት። ሠላሳውን ቀን ገለጠችው። የፊርማው ዓምድ ባዶ ነው።

«ጽሕፈትህ ያምራል» ብላ መለሰችልኝ። «በአራቱም ኤጀንሲ ያየሁት መዝገብ እንደዚህ ንጹሕ ነበር። አንድ ጥበቃ ሽንት ቤት እንኳ ሄዶ አያውቅም።»

ሻይ አዘዘች። ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ሞላች፤ ቃሲም በሩ ጋ ቆሞ ይጠብቃል። ጥበቃው በቦታው ተገኝቷል? አልተገኘም። እንግዳው ተጠይቆ ተመዝግቧል? አዎ። ሦስተኛው መስመር ላይ ቀና ብላ አየችኝ።

«ለተረኛው ተተኪ ተመድቦለታል?»

«አልተመደበም።»

«መመደብ የማን ሥራ ነው?»

«የቢሮው።»

«እንግዲያው ጥፋቱን እሳቸው ላይ አልጽፍም፣ ቢሮው ላይ ነው የምጽፈው። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ተተኪ ካልመደባችሁ ግን የአባልነቱን ምስክር ወረቀት አትጠብቁ። ያኔ የመጋዘኑ ውልም ይቀራል፤ እሳቸውም ከበሩ ይነሳሉ።»

ቃሲም «አልሀምዱሊላህ» ብሎ ለአይሱዙው በሩን ከፈተ።

ቢሮ ተመልሼ ለጀማለዲን ነገርኩት። ሰዓዲያን እንቅጠራት አልኩት።

«ደንቡ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ይላል። እሷ ፊደል የላትም። አንተ አሥራ ሁለተኛን ጨርሰሃል።» ከመሳቢያው ኮፍያ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «በዙህር ሰዓት አንተ ትሄዳለህ።»

ቅዳሜ በእግሬ ወጣሁ። ኮፍያው ሰፍቶኝ ጆሮዬ ላይ ይወርዳል። አስፋልቱ ዳር ማሽላ የጫኑ አህዮች አለፉኝ፤ የት እንደሚሄዱ ሳስብ፣ በሐሳቤ ከእነሱ ጋር ሰንበቴ ከተማ ደርሼ ስመለስ፣ አዛኑ መንገድ ላይ ደረሰብኝ። ስደርስ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሰዓዲያ ዱላውን ጉልበቷ ላይ አጋድማለች።

«መታወቂያ» አለች።

«እትዬ ሰዓዲያ፣ ተተኪው እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። እሱ ግን ሲሄድ ማንም ይምጣ ማን አትስጪ ብሎኛል። አንተ ደግሞ ሲሄድ አልነበርክም።»

ሰጠኋት። ፎቶዬን አይታ አፏን በነጠላዋ ከደነች፤ ከዚያ ሻይ ቀዳችልኝ። ጥላው ሥር ተቀምጬ ጠጣሁ።

ቃሲም ሲመለስ አልተቆጣኝም። በርጩማውን ተቀበለ፣ መነጽሩን አደረገ፣ ቀስ ብሎ ጻፈ። «ከ6፡20 እስከ 6፡50 ሶላት ሄጃለሁ። ተተኪው ዘግይቷል። በሩን ሰዓዲያ ይዛለች።» እሷ አተመች። ቀጥሎ ስክሪብቶውን ለእኔ ዘረጋ።

«ነገ ቀደም ብዬ እወጣለሁ» አልኩት።

«ኢንሻአላህ። የነገውን ነገ እንጽፋለን» አለ።

ፈረምኩ።