ኪስ ውስጥ የቀረው ኢሲጂ

የልብ ምርመራ ክፍሏ ነርስ በሥራዋ አንቱ የተባለች ናት። እሷ ያነሳችው ኢሲጂ፣ የልብ ምት የሚታይበት ወረቀት፣ መስመሩ ጥርት ያለ ስለሆነ፣ ቀዶ ሐኪሞቹ የእሷ ከሆነ ችግር የለም ይላሉ። እሷም በዚህ ስሟ ትንሽ ሳትኩራራ አትቀርም። ለስሟ ስትል ያላማረውን ወረቀት እየጣለች ያማረውን ብቻ ከካርዱ ጋር ታያይዛለች።

ማክሰኞ ዕለት አሳንሰሩ ተበላሽቶ ነበር። የሐሞት ጠጠር ሊወጣላቸው የተቀጠሩ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ሦስት ፎቅ በእግራቸው ወጥተው፣ ላብ በላብ ሆነው ከቀዶ ጥገናው በፊት ለሚደረገው የልብ ምርመራ ደረሱ። ደረጃው ላይ ደረታቸውን ጨምድዶ እንደያዛቸው ነገሯት። ኢሲጂውን ስታነሳ መስመሩ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ወደ ታች ሰመጥ ይላል። አይታዋለች፤ አላየሁም ብትል ውሸቷን ነው። ግን ድካም ይሆናል አለችና ትራስ አመቻችታላቸው፣ "አረፍ ይበሉ አባባ፣ እንዲያምርልን" አለቻቸው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ያነሳችው እንከን የለውም። እሱን አያያዘች፤ የመጀመሪያውን አጣጥፋ ጋውኗ ኪስ ከተተችው።

ረቡዕ ቀዶ ጥገናው ተደረገ። ሐሙስ ጠዋት የሽማግሌው ልብ ታወከ።

የልብ ሐኪሙ አልጋው አጠገብ ቆሞ ካርዱን ያገላብጣል። ከፊት ምልክት ነበረው ወይስ ድንገት የመጣ ነው ብሎ ጠየቀ። ነርሷ እጇን ኪሷ ውስጥ ከታ ወረቀቱን ትዳብሳለች። ቀዳድዳ ብትጥለው ማንም አያውቅባትም።

"ነበረው" አለች በመጨረሻ። "እኔ ነኝ ያስቀረሁት።"

ሐኪሙ ወረቀቱን ዘርግቶ መስመሩን በጣቱ ተከተለ። ይህን አይቼ ቢሆን ቀዶ ጥገናውን አስቆመው ነበር አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ቢጮህባት በስንት ጣዕሙ። ከአልጋው ማዶ የተቀመጠችው የሽማግሌው ሴት ልጅ በቁጣ ብድግ ስትል፣ አባትየው የኦክስጅኑን ጭምብል ገለጥ አደረጉ።

"ተያት ልጄ። የዚያን ቀን እረፍ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።"

ነርሷ ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም። ሐኪሙ ሌላ ኢሲጂ ስላዘዘ፣ አንገቷን ደፍታ ገመዶቹን ደረታቸው ላይ ትለጥፍ ጀመር።

"ትንሽ ልረፍልሽ እንዴ?" አሏት፣ "እንዲያምርልሽ?"

"አይ አባባ" አለች፣ እንባዋ እየቀደማት። "እንዳሉ ይሁኑልኝ።"

ሲያስላቸው መስመሩ ተዘበራረቀ። እሱንም፣ ቀጥሎ የመጣውንም ከካርዱ ጋር አያያዘች።